ዳይት ሰለቸኝ፤ ረሃብና ጥጋብን አዳምጦ መብላት እኛ ቤት ይሠራል ወይ?

ሚሚ_ሲልቨርስፕሪንግ

ሰላም ለዚህ ቤት። ዳይት የሰለቸው ሰው ካለ እስኪ ያንብብልኝ። ኬቶ የሚባለውን እንጀራና ዳቦ የሚያስተው ዳይት ሞከርኩ፣ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ አለመብላት ሞከርኩ፣ ካሎሪ የሚቆጥር አፕ ስልኬ ላይ ጭኜ የበላሁትን ሁሉ ስመዘግብ ከረምኩ። አፑ ስለ ፒዛ የማያውቀው ነገር የለም፤ ሽሮ ሲባል ግን ግራ ይገባዋል። እንጀራን «ስንት ቁራጭ?» ብሎ ይጠይቀኛል። አራት ሰው ከከበበው ትሪ ላይ የቆረስኩትን በምን ልቁጠረው? ኪሎው ይወርዳል፣ ከዚያ ፋሲካ ይመጣል፣ ሠርግ ይመጣል፣ ክርስትና ይመጣል፣ የወረደው ከነወለዱ ይመለሳል።

አሁን ሐኪሜ የላከችኝ የምግብ ባለሙያ «ዳይቱ ይቅርብሽ። ሲርብሽ ብዪ፣ ስትጠግቢ አቁሚ፣ ስትበዪ ልብ ብለሽ ብዪ፣ እርም የሚባል ምግብ የለም» አለችኝ። ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ምግብ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1995 በአሥር መርሆች ያወጡት መንገድ ነው። ስትነግረኝ ቀላል መሰለኝ። ቤቴ ስገባ ግን ጥያቄ ሆነብኝ፤ እኛ መቼ ነው ርቦን የምንበላው? እንግዳ ሲመጣ እንበላለን፣ ቡና ሲፈላ እንበላለን፣ አማቴ «በሞቴ» ስትል እንበላለን። ስንጾም ደግሞ ርቦንም አንበላም። ስኳርሽ ድንበሩ ላይ ነው ስለተባልኩ ነገሩ ቀልድ አይደለም። የሞከረ ካለ እውነቱን ይንገረኝ፤ ቦርጭ ይቀንሳል ወይ?

ቦሌ_ሚካኤል

እኔ ሰውነቴን ሳዳምጠው የሚለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ክትፎ። «ጠገብክ ወይ?» ስለው «አይብ ይጨመርልኝ» ይላል። እህቴ፣ ይሄ ምክር ድሮውንም ቀጭን ለሆኑ ሰዎች የተጻፈ ነው።

ሲስተር_ጎንደር

ቦሌ ሚካኤል አሳቅኸኝ፤ ግን ክትፎውን ያማረው ምላስህ ነው፣ ሆድህን ገና አልጠየቅኸውም።

ሚሚዬ፣ ስኳር ክሊኒክ ውስጥ ስለምሠራ እንደ ባለሙያም እንደ በላተኛም ልመልስልሽ። ሲርብሽ ከጨጓራ ግሬሊን የሚባል ሆርሞን ይወጣል፣ ስትበዪ ይወርዳል። ጥጋብ ግን በአንዴ ከተፍ አይልም። መጀመሪያ ጨጓራ ሲለጠጥ ነርቭ ለአንጎል ያደርሳል፤ ምግቡ ወደ ትንሹ አንጀት ሲያልፍ ደግሞ ሌሎች ሆርሞኖች ተራቸውን ይናገራሉ። ይሄ ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል፣ ብዙ ጊዜ ሃያ ደቂቃ ገደማ ይባላል። እኔ ተረኛ ስሆን «ሳይጠሩኝ ልጨርስ» ብዬ ነው የምጎርሰው፤ ጥጋቡ የሚደርስብኝ እጄን ታጥቤ ወደ ክፍሉ ስመለስ ነው። ልብ ብሎ መብላት ሲባል ቢያንስ ይህቺን መዘግየት መጠበቅ ማለት ነው፣ ሌላ ሚስጥር የለውም።

ኪሎው ከነወለዱ ተመለሰ ላልሽውም ምክንያት አለው። ሌፕቲን የሚባለው ሆርሞን እ.ኤ.አ. በ1994 ነው የታወቀው፤ የሚወጣው ከስብ ነው፣ ለአንጎል ምን ያህል ስንቅ እንዳለ ይነግራል። ስትከሺ ሌፕቲኑም ይቀንሳል፣ አንጎል «ስንቅ አልቋል» ብሎ ረሃቡን ያባብሰዋል። ስለዚህ «ፈቃዴ ደካማ ነው» እያልሽ ራስሽን አትውቀሺ።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ፦ ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ክኒን የሚውጥ ሰው «እስኪርበኝ ልጠብቅ» ብሎ ምግብ አያሳልፍ። መድኃኒቱ ስኳሩን ማውረዱን አያቆምም። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት ከመጣ ስኳሩ ወርዷል ማለት ነው፤ በቶሎ ስኳር የበዛበት ውሃ ይጠጣ። እንዲህ ያለ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ይሄን መንገድ አይጀምር።

ቀሲስ_አይደለሁም

«ስንጾም ርቦንም አንበላም» ያልሽው ላይ ቆምኩ። የሁዳዴ 55 ቀን፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ፍልሰታ፣ ነቢያት እያልን ስንቆጥር የዓመቱን ግማሽ ያህል ጾም ነው። ረሃብን የሚያውቅ ሰው ካለ እኛ ነን! እስከ ዘጠኝ ሰዓት የቆየ ሰው እውነተኛ ረሃብ ምን እንደሚመስል አይጠፋውም። የሚጠፋን ሌላው ጫፍ ነው፣ ማቆሚያው። ጾም የነፍስ ነገር ነው፤ ኪሎ መቀነሻ ሲያደርጉት ደስ አይለኝም። ግን ዘጠኝ ሰዓት ላይ በያይነቱ ሲቀርብ የቀኑን ዕዳ በአንድ መዓድ ለመክፈል የሚቸኩል ሰው አያለሁ፤ ዘይቱም አይጣል ነው። የፋሲካ ሌሊቱን እንዳላነሳው።

ፋጡማ_ደሴ

እኛም ጋ ያው ነው። ረመዳን ላይ ቴምሩና ውሃው ቀርቦ ሰላት ሲሰገድ ሆድ ትንሽ ይረጋል፤ ያቺን ክፍተት የምወዳት ለዚህ ነው። አሳላፊው ችኩል ከሆነ ግን ሳምቡሳው ከሰላቱ በፊት ያልቃል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲሶው ለምግብ፣ ሲሶው ለመጠጥ፣ ሲሶው ለትንፋሽ ብለዋል። ለትንፋሽ የተባለችውን የምናስቀር ስንቶቻችን ነን?

ዳላስ_ሕዝብ_ጤና

የተማርኩት የሕዝብ ጤና ስለሆነ ጥናት ጥናቱን ላምጣ፤ የሚሚ ጥያቄ «ቦርጭ ይቀንሳል ወይ» ነው፣ እስካሁን ማንም አልመለሰላትም።

ጥብቅ ዳይት ሰውን ምን እንደሚያደርግ ለማየት እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የተደረገውን ሙከራ አንብቡ። ለጦርነት አንዘምትም ያሉ 36 ጤነኛ ወጣቶች በፈቃዳቸው ለ24 ሳምንት በግማሽ ረሃብ ቆዩ፤ የክብደታቸውን ሩብ ያህል አጡ። ወሬያቸውም ሕልማቸውም ምግብ ሆነ፤ ወጥ ሠርተው የማያውቁ ወንዶች የምግብ አሠራር መጽሐፍ መሰብሰብ ጀመሩ። ሙከራው አልቆ ሲለቀቁ ደግሞ እየበሉ እየበሉ የማይጠግቡ ነበሩ። የፋሲካው ሌሊት ነገር ለእኔ ከዚህ ጋር ይያያዛል።

አሁን ወደ ጥያቄው። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ዴቪስ ጥናት አለ። ዳይት ሲመላለሱበት የኖሩ 78 ወፍራም ሴቶች ሁለት ቦታ ተከፈሉ፤ ግማሾቹ ዳይት፣ ግማሾቹ ረሃብና ጥጋብን ማዳመጥ። ዳይተኞቹ መጀመሪያ ቀነሱ፣ በሁለት ዓመቱ አልዘለቀላቸውም፣ ብዙዎቹም አቋርጠው ሄዱ። አዳማጮቹ ኪሎ አልቀነሱም። ደግሜ ልበለው፣ አልቀነሱም። ግን አልጨመሩም፤ ኮሌስትሮላቸውና የላይኛው የደም ግፊታቸው ተሻሽሎ ቆየ፣ ከምግብ ጋር የነበራቸው ጠብም ረገበ።

ስለዚህ ሚሚ፣ ይሄን መንገድ «በሦስት ወር አሥር ኪሎ» ብሎ የሚሸጥልሽ ሰው ካለ አትመኚው። የሚሰጠው መርጋትን ነው። መውጣት መውረዱ ይቆማል፣ ተደብቆ መብላትና ሆድ እስኪተረተር መብላት ይቀንሳል። ለእኔ ይሄ ራሱ ትልቅ ነገር ነው፤ አንቺ ግን ስኳርሽ ድንበር ላይ ከሆነ ሌላም ማወቅ አለብሽ። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የአሜሪካው የስኳር መከላከል ጥናት ላይ ክብደታቸውን 7 ከመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ የተመደቡት ሰዎች ወደ ስኳር በሽታ የመግባት ዕድላቸው በ58 ከመቶ ቀንሷል። እነዚያ ሰዎች የሚበሉትን ይመዘግቡ ነበር፣ አሠልጣኝም ነበራቸው። «ቁጥር ሁሉ ክፉ ነው» የሚለውን ወሬ ስለዚህ አልቀበለውም።

ቤሩት_ነበርኩ

ጥናት አላውቅም፤ የማውቀውን ልጻፍ።

ቤሩት ሰው ቤት ስሠራ የምበላበት ሰዓት የእኔ አልነበረም። እነሱ ይበላሉ፣ ዕቃ አነሳለሁ፣ አጥባለሁ፣ ልጆቹ ይተኛሉ፣ ከዚያ ማዳም «አሁን ብዪ» ትላለች። ቀን የራበኝ ረሃብ ጠፍቶ፣ ራስ ምታት ሆኖ፣ ደግሞ ተመልሶ ይመጣል። ማታ ወጥ ቤት ቆሜ፣ መብራቱን ሳላበራ፣ ከድስቱ ላይ በዳቦ እየጠራረግሁ እበላ ነበር። ቶሎ ቶሎ። አንድ ሰው ገብቶ ሌላ ሥራ ሳያዘኝ። ምን እንደበላሁ ብትጠይቁኝ አላውቀውም፤ ትኩስ ይሁን ቀዝቃዛ አላውቀውም።

አገሬ ገብቼ የራሴ ቤት፣ የራሴ ምጣድ፣ የራሴ በርበሬ አለኝ። አሁንም ቆሜ ነው የምበላው። እህቴ «ቁጭ በይ እንጂ፣ ማን ያባርርሻል?» ትለኛለች። ሰው ሲተኛ ተነስቼ ድስት እከፍታለሁ፣ ሳይርበኝ። ኪሎ ጨምሬ ስመለስ ሰፈሩ «ተመችቶሻል» አለኝ፤ ምን ልበላቸው?

ሲርብሽ ብዪ ማለት ለእኔ አዲስ ነገር ነው። ሲያዙኝ ነበር የምበላው።

ሚሚ_ሲልቨርስፕሪንግ

ቤሩት፣ አነበብኩሽ። ደጋግሜ ነው ያነበብኩሽ። ልጆቼን ለማሳደግ ሁለት ሥራ ስሠራ መኪና ውስጥ በመሪው ላይ እንጀራ ጠቅልዬ የበላሁበት ጊዜ ትዝ አለኝ፤ ከአንቺ ጋር ግን አይወዳደርም።

ሲስተር_ጎንደር

ቤሩት እህቴ፣ ማታ ተነስቶ መብላት የሆዳምነት ምልክት አይደለም። ብዙ ጊዜ ቀኑን በቂ ሳይበላ የዋለ ወይም ፍርሃት የለመደ ሰውነት ነው እንደዚያ የሚያደርገው። አንድ ነገር ሞክሪ፦ ቁርስና ምሳን ሰዓቱ ሲደርስ፣ ባይርብሽም፣ ቁጭ ብለሽ ብዪ። ረሃብን አዳምጦ መብላት የሚመጣው ምግብ እንደማይቀርብሽ ሰውነትሽ ካመነ በኋላ ነው። እንቅልፍ ከነሳሽ ወይ ሐሳብ ከያዘሽ ደግሞ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ማየት አያሳፍርም፤ ከተመላሾች ብዙዎቹን አያለሁ።

ቦሌ_ሚካኤል

እሺ ቀልዱን ልተወው። ግን ጥያቄ አለኝ። ሚሚ አሜሪካ ነው ያለችው። እዚያ የሚሸጠው ምግብ ራሱ «አትጥገብ» ተብሎ የተሠራ አይደለም ወይ? ቺፕስ ሲበላ የትኛው ጥጋብ ነው የሚደመጠው?

ዳላስ_ሕዝብ_ጤና

ነጥብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም 20 ሰዎችን ለአራት ሳምንት አስገብቶ ሁለት ሳምንት ፋብሪካ ያቀነባበረውን፣ ሁለት ሳምንት ያልተቀነባበረውን አቀረበላቸው። የቀረበው ካሎሪ፣ ስኳሩ፣ ስቡ፣ ጨውና አሰሩ ተመጣጣኝ ነበር፤ የፈለጋችሁትን ያህል ብሉ ተባሉ። በፋብሪካው ምግብ ጊዜ በቀን 500 ካሎሪ ያህል አብልጠው በሉ፣ ኪሎ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ክብደትም ጨመሩ። የበሉትም ፈጠን ፈጠን ብለው ነው። ሰዎቹ ያው ሰዎች ናቸው። እናም «እርም የሚባል ምግብ የለም» ሲባል፣ ሁሉም ምግብ ለጥጋብ እኩል ይናገራል ማለት አይደለም። ምስር ወጥ ይናገራል። ለስላሳ አይናገርም።

የኔታንያ_ልጅ

ይሄን እኛ ቤት አይቼዋለሁ። ወላጆቼ በሱዳን በኩል በዘመቻ ሙሴ፣ ቤተ እስራኤላውያን በአውሮፕላን በተወሰዱበት ጊዜ ነው እስራኤል የገቡት። ያኔ በእኛ ሰዎች መሐል ስኳር በሽታ እምብዛም አይታይም ነበር፤ እዚህ ከከረሙ በኋላ ነው የተስፋፋው፣ ሐኪሞችም አጥንተውታል። እናቴ ዳይት የሚባል ሰምታ አታውቅም። ዕድሜዋን ሁሉ ሲርባት በልታ ሲበቃት የተወች ሴት ናት። ጤፍ በማይገኝበት ጊዜ በነጭ ዱቄት ጋገረች፣ ሻይዋ ስኳር በዛበት፣ ውሃ ለመቅዳት ትሄድበት የነበረው መንገድ ቧንቧ ሆነ። አሁንም ሆዷን ታዳምጣለች፤ ግን ኢንሱሊን ትወጋለች።

ስለዚህ ማዳመጡ ብቻውን በቂ ነው የሚለኝን ሰው አልሰማውም። ወጥ ቤቱ ምን አለው? እግሩ የት ይሄዳል? እነዚህም ይጠየቁ።

ምራት_አዳማ

እኔ ወደ ትሪው ልመለስ፣ ምክንያቱም ዋናው ጦርነት እዚያ ነው። አማቴ ጋ በተሄደ ቁጥር «አልበላሽም፣ ምን ሆንሽ፣ ወጡ አልጣመሽም?» ነው። «ጠግቤያለሁ» ማለት እምቢ ማለት ሳይሆን ቀጥዪ ማለት ይመስላል፤ ሦስት ጊዜ ካላልሽ ማንም አያምንሽም። ከዚያ ጉርሻ። አንድ ያጣላል ይባልና ሁለተኛው ይመጣል፣ በአይብና በጎመን ታጅቦ፣ አፍሽ ሳይዘጋ።

የደረስኩበት እንዲህ ነው። መጀመሪያ፣ ስገባ ርቦኝ እገባለሁ፤ ቤት በልቼ ሄጄ እዚያ በይሉኝታ ደግሜ መብላት ትቻለሁ። ሁለተኛ፣ ጉርሻውን በደስታ ተቀብዬ በጣም ቀስ ብዬ አላምጠዋለሁ፤ አፉ ሥራ ላይ ያለ ሰው አይጎረስም። ሦስተኛ፣ እኔ ራሴ አጎርሳለሁ። ማጉረስ ስጀምር ዓይን ሁሉ ከእኔ ትሪ ላይ ይነሳል። የጠገብኩ እንደሆነ «እማዬ፣ እጅሽ ይባረክ፣ ለቡናው ቦታ ልተው» እላለሁ። ቡና የሚባል ስም ከተጠራ ይቅር ይሉኛል። ቆሎው ሲመጣ ግን ራስን መጠበቅ ነው፤ ወሬ እያወራሽ ሰሐኑን ጨርሰሽው ታገኚዋለሽ፣ ያኔ ማን በላው ተብሎ አይጠየቅም።

ጂም_ነው_ኑሮዬ

ትንሽ ሰሐን ተጠቀሙ፣ አንጎልን ያታልላል። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር አረጋግጦታል።

ዳላስ_ሕዝብ_ጤና

ያ ፕሮፌሰር እ.ኤ.አ. በ2018 ዩኒቨርሲቲው በምርመራ የጥናት ጥፋት አግኝቶበት ወጥቷል፣ በርካታ ጽሑፎቹም ተሰርዘዋል። ትንሽ ሰሐን አይጎዳም፤ ማስረጃ ነው ግን አትበል። ደግሞ ትሪ ላይ ለሚበላ ሰው የምን ሰሐን?

ምራት_አዳማ

ከትሪው ላይ የራሴን ድርሻ ቀድሜ ወደ ፊቴ እሰበስባለሁ። ሲያልቅ ቆም ብዬ ውሃ እጠጣለሁ፣ አንድ ወሬ አወራለሁ። አሁንም ከራበኝ እቆርሳለሁ፣ ካልራበኝ እተዋለሁ። ይሄንን ለማድረግ ሰሐን አያስፈልግም።

ፋጡማ_ደሴ

ልጆችንስ? እኔ ልጄን «ጨርስ» ማለት ትቻለሁ። እናቴ ግን «የተረፈ ምግብ ይረግምሃል» እያለች ታበላዋለች። ሁለታችንም አንድ ቤት ነን፤ ልጁ የማንን ይስማ?

ሲስተር_ጎንደር

ፋጡማ፣ ምን እንደሚቀርብና መቼ እንደሚቀርብ እናንተ ወስኑ፤ ምን ያህል እንደሚበላ ልጁ ይወስን። ጤነኛ ከሆነና በካርዱ ላይ እድገቱ ከቀጠለ አትጨነቂ። አያቱን ደግሞ ትንሽ እየጨለፉ ደጋግመው እንዲያቀርቡለት ለምኚያቸው፤ የሚተርፍ ከሌለ እርግማኑም የለም። ከሲታ ወይም ክብደቱ የቀነሰ ልጅ ከሆነ ግን ምክሩ ሌላ ነው፣ ጤና ጣቢያ ይታይ።

ሚሚ_ሲልቨርስፕሪንግ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የገባኝን ልበል። ሚዛኑን ከመታጠቢያ ቤት አውጥቻለሁ፤ በየጠዋቱ እየወጣሁበት ቀኔን ማበላሸት አልፈልግም። የካሎሪ አፑን አጥፍቻለሁ። ለስላሳና ብስኩት ቤት አላስገባም፤ ይህንን ክልከላ ትሉት ይሆናል፣ እኔ የወጥ ቤት አያያዝ ነው የምለው። ከእራት በኋላ ከባሌ ጋር በእግር መዞር ጀምረናል። ፋሲካ ሌሊት ዶሮውን እበላለሁ፣ ግን ቁጭ ብዬ፣ ስልክ ሳልይዝ፣ እንቁላሉን በመጨረሻ።

አንድ ነገር ግን ይጨንቀኛል፦ ሚዛን ካልወጣሁ መሻሻሌን በምን አውቃለሁ? ባለፈው ምርመራ ኤዋንሲ (A1c) የሚሉት የደም ስኳር ልኬት 5.9 ነበር።

ዳላስ_ሕዝብ_ጤና

ሚዛኑን ጨርሶ ከመጣል በወር አንዴ ሐኪም ቤት ብትመዘኚ እመርጣለሁ። ለቀረው ሲስተር ትመልስ።

ሲስተር_ጎንደር

ከ5.7 እስከ 6.4 ያለው ቅድመ ስኳር የሚባለው ክልል ነው፤ 5.9 መሐል ላይ ነሽ። ያ ምርመራ የሁለት ሦስት ወሩን የደም ስኳር አማካይ ስለሚያሳይ የአንድ ድግስ ጥጋብ አያሳብቅብሽም፣ የአንድ ሳምንት ጾምም አይሸፍንልሽም። የወገብሽን ዙሪያ በሜትር ለኪ፣ የደም ግፊትሽን አስለኪ። መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ምን እንደሆነ እዚሁ ጻፊልኝ።

ሚሚ_ሲልቨርስፕሪንግ

ሜትፎርሚን ብቻ ነው፣ በቀን አንድ።

ሲስተር_ጎንደር

ብቻውን ከሆነ ስኳርሽን አደገኛ እስኪሆን አያወርደውም፤ ከምግብ ጋር ውሰጂው፣ በባዶ ሆድ ያቅለሸልሻል። በጾም ቀን ከዘጠኝ ሰዓቱ ምግብ ጋር እንዲሆን ሐኪምሽን አስቀድመሽ ጠይቂያት፤ ሰዓቱን በራስሽ አትቀይሪ። ከሦስት ወር በኋላ ተመርመሪና ቁጥሩን እዚሁ ጻፊልን።

ቦሌ_ሚካኤል

እኔም ልመረመር ነው። ኤዋንሲው አዲስ አበባ የት የት ይሠራል? በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።